ነሐሴን ሙላልኝ

የበጀት ባለሙያ ነኝ። የምሠራው ጣና ዙሪያ ካሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የግቢው አይደለም።

የእኛ ሥራ ከውጭ ለሚያየው ቁጥር መደመር ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ግምት ነው። ገንዘብ ሚኒስቴር የበጀት ጥሪውን ከነወጪ ጣሪያው ይልካል። እኛ ጣሪያው ሥር እንጣበባለን። አዲስ አበባ ሄደን እንከራከራለን። ምክር ቤቱ ሰኔ ላይ ያጸድቃል፣ ሐምሌ 1 ሥራ ይጀመራል። ታዲያ ያን ጊዜ ስንት አዲስ ተማሪ እንደሚመጣብን አናውቅም። መዳቢው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ምደባውም የሚታወቀው በጀቱ ከጸደቀ ከወራት በኋላ ነው። ድንኳን ተተክሎ፣ ወጥ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የእንግዳውን ብዛት እንደመስማት ነው። ሪሚዲያል፣ ማለፊያ ነጥብ ላላመጡ ተማሪዎች የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ ከመጣ ወዲህማ ግምቱ የባሰ ሆኗል።

የ2017 በጀት ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። ለአገሪቱ 971.2 ቢሊዮን ብር ጸደቀ። ሥራ በተጀመረ ገና በሦስት ሳምንቱ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብር ተሻገረ። ለላብራቶሪ ኬሚካል ዋጋ የሰጡን አቅራቢዎች ስልክ ማንሳት ተዉ። በወረቀት ላይ ያለው ብር ያው ነው፤ የሚገዛው ነገር ግን አንሷል።

አለቃዬ ጠራኝና «ቅደም ተከተል አውጣ። መቆየት የሚችለው ይቆይ» አለኝ። ኤክሴሌን ከፍቼ ቀለም መቀባት ጀመርኩ። አረንጓዴ የማይነካ፣ ቢጫ የሚቀነስ፣ ቀይ የሚቆይ። ደመወዝ አረንጓዴ። የተማሪ ምግብ አረንጓዴ። መብራት አረንጓዴ። እነዚህ ይጮኻሉ፤ አንድ ቀን ቢጓደሉ ግቢው ይናወጣል። ወደ ወጪ ኮድ 6217፣ ነዳጅና ቅባት፣ ስደርስ አንዲት ትንሽ መስመር አየሁ፦ «ለውሃ ናሙና መቅጃ ጀልባ፣ ቤንዚንና ዘይት»። ጥያቄው ከአንድ የፒክአፕ የመስክ ጉዞ ብዙም አይበልጥም። ማንም አይጮኽላትም ብዬ ቀይ ቀባኋት። አሥር ሰከንድ አልፈጀብኝም።

በማግስቱ የጀልባው ነጂ የነዳጅ መጠየቂያቸውን ይዘው መጡ። ዕድሜያቸው ለጡረታ የተጠጋ ነው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

«ጋሼ፣ ለጊዜው ትንሽ ይታገሱን። በጀቱ እስኪስተካከል ነው።»

«እስከ መቼ?»

«ኅዳርም፣ ታኅሣሥም ሊሆን ይችላል።»

መጠየቂያቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ይሁን» ብለው ወጡ። እኔ እንደገባቸው ቆጠርኩት። ያልገባኝ እኔ ነበርኩ።

በዚያው ዓመት የተማሪው የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር አደገ። ተገቢ ነው፣ በ22 ብር ማን ይጠግባል? እኛ ግን ቁጥሩን ሁሉ እንደገና ሠራን። ኅዳር ላይ ምክር ቤቱ ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። እኔም ከሌላ ኮድ ጥቂት አዛውሬ የጀልባዋን ነዳጅ መለስኩ። ቤንዚኑ እስከዚያ ዋጋው ጨምሮ ጠበቀኝ። ቢሆንም በራሴ ኮራሁ። ኩፖኑን ራሴው ልውሰድላቸው ብዬ ታኅሣሥ ላይ ወደ ጀልባ ማቆሚያው ወረድኩ።

«ከመጣህ አይቀር ግባ» አሉኝ።

ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። ደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሁለት ሰዎች አለፉን። አንድ ቦታ ላይ ሞተሩን አጠፉና ከጀልባዋ ወለል ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሰሃን አወጡ። በየመለኪያው ቀይ ክር በታሰረበት ገመድ ወደ ውሃው ለቀቁት። ሰሃኑ ቀስ እያለ ደበዘዘ። ከዓይን ሲሰወር ገመዱን በጣታቸው ያዙና ክሮቹን ቆጠሩ። የውሃው ጥራት የሚለካው እንዲህ ነው። ከዚያ ጠርሙስ ሞሉ። ከፌስታል ውስጥ ደብተር አውጥተው ቁጥሩን ጻፉና ለእኔ አቀበሉኝ።

ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጥኩ። በየወሩ አንድ መስመር፣ ለዓመታት፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ። ሐምሌ አለ። ከሐምሌ ቀጥሎ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር ይላል። ፊት ለፊታቸው ግን ባዶ ነው። መስመሩን አስምረው፣ የወሩን ስም ጽፈው፣ ትተውታል።

እነዚያን ወራት ለምን እንደሚፈልጓቸው ያወቅሁት እዚያው ነው። የጉማራና የርብ ወንዞች ጎርፉን ይዘው ሲገቡ ሐይቁ ይደፈርሳል። ከየእርሻው የታጠበው አፈርና ማዳበሪያ አብሮ ይገባል፤ እምቦጭ አረሙም የሚወፍረው በዚያ ነው። ተመራማሪዎቹ ዓመትን ከዓመት የሚያወዳድሩት ዋናው ጊዜ ይኸው ነው።

«ጋሼ፣ ገንዘቡ እኮ ተመልሷል። እስከ ሰኔ ድረስ ችግር የለም» አልኩ። ሌላ የምለው አጣሁ።

ሳቅ አሉ። እስክሪብቶውን በባዶው መስመር ላይ አኖሩልኝ። «በል እንግዲህ፣ ነሐሴን ሙላልኝ።»

ቢሮ ስመለስ ኤክሴሌ ላይ አንድ ኮለም ጨመርኩ። ርዕሱ «ካለፈ ይመለሳል ወይ?» ይላል። አብዛኛው መስመር «አዎ» ነው። ወንበር ይመለሳል፣ ቀለም ይመለሳል፣ ስብሰባማ ሳይጠሩትም ይመለሳል።

ዘንድሮ የበጀት ዕቅዱን ሳቀርብ አለቃዬ ኮለሙን አይቶ «ይሄ ደግሞ የሚኒስቴሩ ፎርም ላይ የለም፣ አውጣው» አለኝ። ከሚላከው ላይ አወጣሁት። የእኔው ኮፒ ላይ ግን አለ።