ጣቴን ያላየ የለም

በገና ማግስት፣ በዚያ ውርጭ፣ ሰው መንዝ ይሄዳል? እኔ ሄድኩ። ጓደኛዬ «አያቴ ጋ አንድ ቀን አድረን እንመለሳለን» አለኝ፤ ጣርማ በር ላይ ወደ መሐል ሜዳ ታጠፍን። የጓሳን ሣር ሜዳ ስናቋርጥ ሐሳቤ ሁሉ ብርዱ ላይ ነበር። ከ3200 ሜትር በላይ እኮ ነው፤ ጭላዳ ያን ሁሉ ጎፈር ለጌጥ አልተሸከመም። ካልሲ ማን ያስታውሳል?

ቤት ገብተን ገና አረፍ ከማለታችን እማማ ለብ ያለ ውኃ ይዘው መጡ። እግር ሊያጥቡ።

«ኧረ እማማ፣ ግድ የለም!»

«በሞቴ!»

«እንዴት እርስዎ...»

«አፈር ስሆን!»

መንዝ ቤት እንግዳ ድምፅ የለውም። ጫማዬ ወለቀ።

አውራ ጣቴ ውጭ ነው። ቀዳዳ ብዬ አላቃልለውም፤ ጣርማ በር ራሱ ከዚያ ይጠብባል። ጣቴ ደግሞ እንደተከበረ ሽማግሌ ቀና ብሎ ቤተሰቡን አንድ በአንድ እጅ የሚነሳ ይመስላል።

ቢስቁ ምን ነበረበት! ማንም አልሳቀም። አጎትየው ቀና ብለው የጣራውን ማገር መቁጠር ጀመሩ። ልጆቹ እሳት እሳቱን ያያሉ። ጓሳውን ቄሮ በሚሉት የጥንት የሣርና የግጦሽ ጥበቃ ሥርዓት ዓመታት ዘግተው እየጠበቁ ያቆዩ ሰዎች የእንግዳ ገመና ሊያቅታቸው ነው? ትከሻው የሚንቀጠቀጠው ጋቢ ውስጥ የተደበቀው ያ ከሃዲ ጓደኛዬ ብቻ ነው። እማማ ምንም እንዳላዩ አጥበው፣ ጣቴን ስመው ተነሱ።

(«ሦስቱ በመቶ ብር፣ ኦርጅናል ነው ወንድሜ!» ያልከኝ ልጅ፣ አንድ ቀን እንገናኛለን። አንዴ ታጥቦ ወንፊት የሚሆን ኦርጅናል!)

ጠዋት ካልሲዬ ታጥቦ ምድጃ ዳር ጠበቀኝ። ቀዳዳው የለም። እማማ ሌሊቱን የጥቁር በግ ጠጉር ፈትለው ጠቅመውታል። ነጩ ካልሲ ጫፍ ላይ ባና፣ ያ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ተሠርቶበታል! እንዲህ ያለ ሙቀት ጣቴ አይቶ አያውቅም። ችግሩ ጫማው አልገባም አለ። ተረከዙን ረግጬ እየጎተትኩ እስከ መኪናው ድረስ ሄድኩ፤ ያገኘን ሁሉ «እንደምን አደራችሁ» ብሎ፣ የከብቱን የአዝመራውን ጠያይቆ ሲጨርስ፣ ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ እግሬ ይወርዳል።

ባለፈው ጓደኛዬ ደወለላቸው። የራሱን ደኅንነት እንኳ ሳይጠይቁት፦

«ያ እንግዳ ልጅ፣ ጣቱ ደህና ነው?»