ሁለት ጾም በአንድ ግቢ

ዓቢይ ጾምና ረመዳን በተገናኙበት በ2017 ዓ.ም መጋቢት፣ ቤተሰቦቼን ለማየት ድሬዳዋ ሄጄ ነበር። ብዙ ጊዜ የምሄደው ለበዓል ነው። የአሁኑን ጉዞ ያመጣው አባዬ ነው። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ስለነበር በስልክ "መጥቼ ካላየሁህ አላምንም" አልኩት። "አቦ ነይ! አሁንማ ገና ከሩቅ ነው የማይሽ" አለኝ።

በባቡር ለመሄድ ብዙ አላሰብኩም። የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ አውቶቡስም አውሮፕላንም ቢኖር ልቤ ወደ ሐዲዱ ነው። ባቡሩ የሚነሳው በጠዋት ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። ጀሞ ስለምኖር ለእኔ ቅርብ ነው። ከሲኤምሲና ከኮተቤ የሚመጣ ሰው ግን ሌሊት መነሳት አለበት።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ከአዲስ አበባ ዕቃ ገዝታ የምትመለስ ነጋዴ ነበረች። ከፊታችን ያለው ወጣት ከተነሳንበት ጀምሮ ቲክቶኩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ያያል። ያው ሙዚቃ፣ ያው ሳቅ፣ ደግሞ ሌላ ሙዚቃ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልችልም፤ ከውስጥ ይበላኛል፣ ግን አልናገርም። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ የለመድኩት ዝም ማለትን ነው። ቢሾፍቱን እንዳለፍን ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ትከሻውን ነካ አደረገችው። "ወንድሜ፣ እዚህ ያለነው ሁላችንም ጾመኞች ነን። ጆሯችንም አብሮ ይጹም እንጂ" አለችው። ልጁ አፈረ፤ ይቅርታ ጠይቆ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ሻንጣዋን ያወረደላት እሱ ነው። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

መተሐራ ስንደርስ ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። በአንድ በኩል የበሰቃ ሐይቅ፣ ወዲያ ፈንታሌ ተራራ። በታኅሣሥና በጥር መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ስንት ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሜዳ ላይ እንዳደረ ሁላችንም በዜና ሰምተናል። እኛም አዲስ አበባ ሆነን አልጋችን ሲወዛወዝ ደንግጠን ተነስተናል። ባቡሩ ውስጥ ወሬ ቆመ። ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገች፤ ከኋላ ያሉ እናት አማተቡ። ከአዋሽ እስከ ሚኤሶ ያለውን አላውቀውም፤ ተኝቻለሁ።

አዲሱ የድሬዳዋ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። የድሮው ባቡር መሀል ከተማ፣ ከዚራ ነበር የሚያወርድሽ፤ እኛ ልጆች ፉጨቱን ስንሰማ ሮጠን እንደርስ ነበር። አሁን ባጃጅ ግድ ነው። ባለ ባጃጁ 600 ብር አለኝ። ከዚራ ነው የምሄደው አልኩት። "አውቃለሁ፣ 600" አለኝ። አዲስ አበባ ዋጋው ስልኬ ላይ ተጽፎ ስለሚመጣ ክርክር ከረሳሁ ቆይቻለሁ። ያናደደኝ ግን ብሩ አይደለም። በተወለድኩበት ከተማ እንደ እንግዳ መቆጠሬ ነው። ሻንጣዬን ይዤ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ሌላው መጣ፤ እሱም 600። ተነጋግረዋል።

"አንቺ! ከዚራ አይደል ያልሽው? ነይ ግቢ!"

ነጋዴዋ ሴት ነበረች። ወንድሟ ፒካፕ ይዞ ሊቀበላት መጥቷል። የእሷ ቤት መጋላ ነው፤ ከዚራ አድርሶኝ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ይመለስ ማለት ነው። ጾመኛ ናት፤ ከንጋት ጀምሮ ውኃ አልቀመሰችም። እንዲያም ሆኖ ቅድሚያ እኔን በሬ ላይ አደረሱኝ። ለነዳጅ ብዬ ገንዘብ ባወጣ "ጾሜን ልታበላሺብኝ ነው እንዴ?" ብላ እጄን መለሰችው። ድሬ ማለት ይቺ ሴት ናት። ለባጃጁ የተናደድኩት ሁሉ እዚያው ቀረ።

አባዬ በራችን ላይ ካለው ዛፍ ሥር ወንበሩን አውጥቶ ተቀምጧል። ከዚራ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ ነው። መኪናው ገና ከማዶ ሲታጠፍ እጁን አነሳ። እውነትም ከሩቅ አየኝ።

የግቢያችንን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በ1998 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከተማውን ሲመታ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። አብራኝ የተማረችው የልብ ጓደኛዬ ቤት ወንዙ ዳር ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም በነፍስ ወጡ፤ ቤቱ ግን አልተረፈም። በማግስቱ እናቴ ሄዳ ይዛቸው መጣች። ጊዜው ፍልሰታ የሚገባበት ነበር። የጓደኛዬ እናት ሙስሊም ናት፤ በዚያ ሐዘን ውስጥ ሆና ግን ከእናቴ ጋር የጾም ወጥ ትሠራ ነበር። ለጥቂት ሳምንት ብለው የገቡበት ሰርቪስ ቤት እስከ ዛሬ ቤታቸው ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባዬን የምትቆጣው፣ መድኃኒቱን የምታስታውሰው እሷ ናት። ሁላችንም እማዬ ነው የምንላት፤ አንቱታም የለም። ድሬ አንቱ ካልሽ "ምን አጠፋሁ?" ይሉሻል።

"አቦ ነይ ልይሽ! ከስተሽ የለም እንዴ? አዲስ አበባ አያበሉሽም?" ብላ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። እጇ ሊጥ ነበር፤ ጉንጬ ላይ ቀረ።

የማፍጠሪያው ዝግጅት ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ነው። እህቴ፣ ጓደኛዬና እኔ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተን ሳምቡሳ ጠቀለልን። ሊጡ በስሱ ተድጦ ምጣድ ላይ ለቅጽበት ይነካል፤ ከዚያ ረዘም ረዘም ተደርጎ ይቆረጣል። አንዱን ጫፍ አጥፈሽ ኪስ ታበጂለታለሽ፤ ትሞዪዋለሽ፤ እያገላበጥሽ ትጠቀልዪና መጨረሻውን በውኃ በተበጠበጠ ዱቄት ታጣብቂዋለሽ። የእኔ አፉን ይከፍታል። የጓደኛዬ ግን ሦስቱም ጥግ ስል ነው።

እማዬ ሁለት ድስት ሙሌት ሠርታለች። አንዱ ሥጋ ነው፤ ሌላው ምስር በሽንኩርትና በቃሪያ። ዘይቱም ለየብቻ ነው። የእኛን ቀድማ ጠበሰች፤ ሥጋው የገባበት ዘይት የእኛን እንዳይነካ። "የአባትሽ ጾም በእኔ እጅ አይፈርስም" አለች። ማንም አልጠየቃትም። ሁለቱ ጾሞች በተገናኙ ቁጥር እንዲህ ነው የምታደርገው። አዲስ አበባ ያለሁበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጥሩ ጎረቤቶች አሉኝ፤ ሰላም እንባባላለን፣ ልጅ ስንወልድ እንጠያየቃለን። ግን የትኛው ዘይት ለማን እንደሚሆን የሚያስብልኝ ሰው የለም። ይህን ሳስብ ሆዴ ተላወሰ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ አዛን ተሰማ። ቴምር ዞረ፣ ውኃ ዞረ። አባዬ እስከ ዘጠኝ ይጾማል፤ ያን ቀን ግን እንብላ ብንለው እምቢ ብሎ ቆይቶ ነበር። "አብረን ነው" አለ። ሾርባው ለእነሱ፣ ምስር ሳምቡሳው ለእኛ፤ ሙሸበኩ ግን የሁሉም ነው። ሙሸበክ የማታውቁ፣ ድሬ ወይም ሐረር በረመዳን ሂዱ። እየተጠማዘዘ የተጠበሰ ሊጥ ስኳር ጠጥቶ ሲመጣ፣ ሲነከስ ይሰበራል፤ ውስጡ ያለው ጣፋጭ ወደ አገጭ ይወርዳል። እኔ ጣፋጭ እምብዛም አልወድም። ሙሸበክ ሲሆን ግን ቆጥሬ አልበላም።

ሌሊቱ ግን ከባድ ነበር። አራት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ፋኑ ቆመ። የጀሞ ብርድ የለመደ ሰውነቴ ክፍሉ ውስጥ ሊቆይ አልቻለም። አልጋ አውጥተን ግቢ ውስጥ ተኛን፤ ድሬ ሙቀት ሲጠና ሰው እንዲያ ነው የሚያድረው። አጎበሩ አንድ ቦታ ተቀድዶ ነበር። ትንኟ እሱን አገኘችው። እኔ አላገኘሁትም። በጨለማ እየዳበስኩ ነጋ። ውሻው፣ የጎረቤት ጄኔሬተር፣ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ከንጋት በፊት የሚበላው የሱሁር ሰሃን። ጠዋት እጄ ሁሉ ተነድፎ ለእህቴ ሳሳያት አልሳቀችም። ወዲያው ሄዳ የውኃ በርሜሎቹን ጨርቅ ማየት ጀመረች። ውኃ በየቀኑ ስለማይመጣ እያንዳንዱ ግቢ በርሜል አለው። በ2014 ዓ.ም ከተማዋን የመታው ወባ ያመጣችው አዲስ ዓይነት ትንኝ ደግሞ የምትራባው ረግረግ ብቻ ላይ አይደለም። በርሜልና ታንከር ይበቃታል። ከዚያ በፊት በ2011 ትንኝ የሚያስተላልፈው የቺኩንጉንያ በሽታ ገብቶ እህቴ ራሷ መገጣጠሚያዋ ታስሮ ሰንብታለች። ስለዚህ ሁሉም በርሜል በጨርቅ ተሸፍኖ በገመድ ይታሰራል። አንዱ ላላ ብሎ ነበር፤ አጥብቃ አሰረችው። አጎበሩንም ያኔውኑ ሰፋችው።

ፀሐይዋ ሳትበረታ አባዬ "ነይ ወርክሾፑን ላሳይሽ" አለኝ። ስንት ጊዜ አሳይቶኛል። አሁን ግን በአዲስ ዓይኑ ማየት የፈለገው እሱ ነው። የድሮው የምድር ባቡር ጥገና ግቢ ከእኛ ቤት በእግር ነው። አሮጌ ባቡሮች፣ ፉርጎዎች፣ በአባዬ እጅ የለሰለሱ ማሽኖች አሁንም አሉ። እሱ ዕድሜውን የጨረሰው ቶርኖ ላይ ነው። ማሽኑ ጋ ሲደርስ ዝም ብሎ እጀታውን ያዘ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ብረቱ ላይ ያለውን ቁጥር አነበበው። ያለ መነጽር። ጮክ ብሎ ደገመው።

ልጅ ሆነን የነገረንን እንደገና ነገረኝ። ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር፤ ተራራው ስላስቸገረ ሜዳው ላይ ቀረ። በ1895 ዓ.ም ባቡሩ እዚህ ደረሰ፤ ከተማዋም ያኔ ተወለደች። አዲስ አበባ እስኪደርስ 1909 ሆነ። ስለዚህ ይህች ከተማ የባቡር ልጅ ናት ማለት ይቻላል፤ እኔም እንደሷ። እዚያ ግቢ ውስጥ ያለው ብረት ተሸጦ እንዳያልቅ፣ ሙዚየም ሆኖ በደንብ ቢያዝ ምንኛ ደስ ባለኝ። የሠሩበት ሽማግሌዎች እያለቁ ነው። እነሱ እያሉ ቢነግሩን ይሻላል። ከአባዬ ጓደኞች አንዱ አገኘንና ሁለቱ የአንድን አሮጌ ሎኮሞቲቭ ጥፋት ሲከራከሩ ረፋዱ አለቀ። አንዱ ኦሮምኛ ይጀምራል፣ ሌላው በሶማልኛ ይመልሳል፣ ስድቡ በፈረንሳይኛ ነው፣ ማስታረቂያው በአማርኛ።

ከድሮ ጓደኞቼ ያገኘሁት ጥቂቶቹን ነው። አንዷ ከጂዳ ተመልሳ ታይዋን ገበያ ልብስ ትሸጣለች። አንዱ ጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል፤ እኔ ስመጣ እሱ ሄዶ ነበር። ሌላው ሳቢያን ሰፈር አስተማሪ ነው። ሻይ በወተት እንዳንል ጾም ነው፤ ደረቅ ሻይ ይዘን ከፍጥር በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት አወራን። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ሄዱት። የጂዳዋ ስለዚያ ኑሮዋ ብዙ አላወራችም። "እዚያ ሳለሁ የሚናፍቀኝ ሰው ሲጠራኝ ነበር፤ በስሜ፣ ከመንገድ ማዶ፣ እየጮኸ" አለች። ይህን እያለች ሳለ እውነትም አንድ ባለ ባጃጅ ስሟን ጮኾ ጠርቶ አለፈ። ሁላችንም ሳቅን።

ቀፊራ ገበያ የገባሁት ለመመለሻ ዕቃ ለመግዛት ነው። ቴምር፣ ዕጣን፣ ለልጆቼ ነጠላ ጫማ። ሙሸበኩን ግን እማዬ ራሷ በካርቶን አሰረችልኝ፤ "የገበያው ዘይቱን አላውቀውም" ብላ።

የተመለስኩት በአውሮፕላን ነው፤ ሥራ ስለነበረኝ። ቦሌ ስወርድ እየዘነበ ነበር። ካርቶኑን ቤት ከፍቼ ለጎረቤቶቼ በሰሃን አከፋፈልኩ። ፎቅ ላይ ያሉት ሴትዮ እነሱም እየጾሙ መሆኑን የነገሩኝ ያኔ ነው፤ ረመዳን ከሪም ብያቸው እንኳ አላውቅም ነበር። ማታ የማፍጠሪያ ሾርባ ላኩልኝ፤ ሥጋ የሌለበት መሆኑን አስቀድመው በስልክ ነገሩኝ። ለኢድ እማዬ ደውላ ሁሉንም በየተራ አነጋገርኳቸው። ለፋሲካ ከአባዬ ጋር እንመጣለን ብላለች፤ ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ አዘጋጅቻለሁ፣ ብርድ ልብስም ጨምሬያለሁ።