የእማዬ አፍና ሳንባ

እማዬን ስትሮክ ከመታት ወዲህ ምግብ የማበላት እኔ ነኝ። ሰሞኑን የሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ትኩሳት እንኳን አልነበራትም። ትንፋሿ ፈጠነ፣ ንግግሯም ተምታታ። ሐኪሙ ወደ ጨጓራዋ መውረድ የነበረበት ነገር ሳንባዋ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ነገረን። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ያላነበብኩት የለም።

መጀመሪያ የገረመኝ ጤነኛ ሰውም ተኝቶ ሳለ ጥቂት ምራቅ ወደ ሳንባው መግባቱ ነው። እኛን አያሳምመንም። መጠኑ ትንሽ ነው፣ እንስላለን፣ ሳንባም ራሱን ያጸዳል። ስትሮክ፣ ፓርኪንሰን ወይም የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ግን መዋጥ ይቸግረዋል፣ ሳሉም ይደክማል። የጉሮሮው ስሜት ከደነዘዘ ደግሞ ውሃ ወደ አየር ቧንቧው ሲገባ ትን እንኳን አይለው ይሆናል። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ። አለመሳሏን አይቼ ደህና ናት ማለት አልችልም።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መዋጥ ነው። እኔ ግን ትልቁ ነገር አፍ ይመስለኛል። ያልጸዳ አፍ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል፣ ምራቁ ወደ ሳንባ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ፣ አረጋውያንን የተከታተለ ጥናት አነበብኩ። የመዋጥ ችግር ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ለሳንባ ምች አያበቃም ይላል። አብረውት የሚመጡት ናቸው የሚከፉት፦ በሰው እጅ መብላት፣ አፍን ራስ ማጽዳት አለመቻል፣ የተበላሹ ጥርሶች፣ በቱቦ መመገብ፣ የመድኃኒት ብዛት፣ ሲጋራ። በሰው እጅ መብላት ከፊት መሰለፉ ልቤን ነክቶታል። የሚያበላ ሰው ይቸኩላላ! የበላተኛው ጉሮሮ መቼ እንደተዘጋጀ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ የጃፓን ጥናት ደግሞ ተስፋ ሰጠኝ። በመንከባከቢያ ቤቶች ካሉ አረጋውያን መካከል ከምግብ በኋላ አፋቸው በደንብ የሚጸዳላቸው በሳንባ ምች የተያዙት ያነሱ ነበሩ። ጥርስ የሌላቸው ሳይቀሩ ተጠቅመዋል። ስለዚህ አሁን ጥርሷን ብቻ ሳይሆን ምላሷንና ድዷንም አጸዳለሁ። ስትበላ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። አንዱን ሳትውጥ ሌላ ማንኪያ አላነሳም። ከበላች በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል አላስተኛትም። ምግብና አሲድ ከጨጓራ ተመልሶ እንዳይመጣ ነው።

ዘመዶች "በቱቦ ትመገብና ይገላግላት" ይላሉ። ለፍቅር ብለው ነው፣ አውቃለሁ። ቱቦ ለአንዳንድ ሕመምተኛ የግድ ይሆናል። ግን ምራቅን አያስቆምም፣ ከጨጓራ የሚመለሰውንም አይከለክልም። በዚያ ላይ እማዬ ምግብ ትወዳለች። ጣዕሙን ልነፍጋት አልፈልግም።

አሁን የቀረኝ ማታ ማታ የምትወስደው የእንቅልፍ መድኃኒት ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት ንቃትን ይቀንሳል፣ ሳልንም ያደክማል። በራሴ አላቋርጠውም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን መጠኑ ይቀነስ እንደሆነ ሐኪሙን እጠይቀዋለሁ። መዋጧን የሚመረምር ባለሙያ እንዲያያትም እለምናለሁ።