የዝውውር ወረቀቱ ማኅተም አልነበረውም

አዲስ አበባ፣ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ቲቢ ክፍል። ስምንት ዓመት ሠራሁበት። ይህን የምጽፈው አሁን ወደ ክፍሉ ለምትመደቡ ነርሶች ነው። እኔ ስመደብ የተሰጠኝ ቁልፍ፣ አንድ ትልቅ ሪጅስተር እና «መስኮቱን ክፈቺ» የሚል ምክር ብቻ ነበር። ምክሩስ ትክክል ነው። ክረምትም ቢሆን ክፈቱት፣ ብርዱን ሹራብ ይችለዋል።

የዘወትሩን ሥራ ቶሎ ልበለው። በሽተኞች አክታ ደጅ፣ አየር ላይ ይስጡ እንጂ ሽንት ቤት አታስገቧቸው። ምራቅ ይዞ የመጣውን መልሱት፣ ከደረቱ ስሎ ያምጣ። ክብደት በየወሩ መዝኑ፣ የክኒኑ ብዛት በኪሎ ነው። ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ሽንት እንደሚያቀላ በመጀመሪያው ቀን ንገሩ። ካልነገራችሁ ደም መስሎት በማግስቱ ያቆማል። «ጭጋግ ጭጋግ ይለኛል» ካለ ኢታምቡቶል የሚባለውን መድኃኒት ጠርጥሩ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ጉበቱን። ሁለቱም ለነገ አይባሉም። ጸበል የሚሄደውን ደግሞ «ወይ ጸበሉ ወይ መድኃኒቱ» አትበሉት። ጸበሉን ይመርጣል፣ እናንተም ታጡታላችሁ።

ይህን ሁሉ ማንም ይለምደዋል። እኔን ያቃጠለኝ በሽተኛን ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ማዛወሩ ነው።

ልጁ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ከጎጃም መጥቶ ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል። መስከረም ላይ በጂን ኤክስፐርት፣ በአክታ መመርመሪያው ማሽን፣ ተገኘበት። 47 ኪሎ ነበር፣ ሦስት ክኒን በቀን። ጸባዩ ወርቅ ነው። «እሺ ሲስተር» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ያለው አይመስልም። ሁለቱን ወር አንድ ቀን አላጎደለም። የሁለተኛው ወር አክታው ነጻ ሆነ፣ ኪሎው 51 ገባ። አራት መድኃኒት ያለበት ክኒን አልቆ ሁለት ወዳለበት አሻገርኩት። ቀላሉ አራት ወር ቀረ አልኩ በልቤ።

ኅዳር ላይ መጣና «ሲስተር፣ ለጤፍ አጨዳ አገሬ መግባቴ ነው፣ እናቴ ብቻዋን ናት» አለኝ። ነገ ጠዋት መኪና ይዟል። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ተኩል ሆኗል። የዝውውር ወረቀቱን ሞላሁ፣ ፈረምኩ። ማኅተም ያለው መዝገብ ቤት ነው፤ መዝገብ ቤቱ ለምሳ ተዘግቷል። ልጁ ዕቃ የሚሸክፍበት ሰዓት ነው፣ ቆሞ ይጠብቀኛል። እኔም ርቦኛል። ያልኩትን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «ችግር የለውም፣ ፊርማዬ ይበቃል።»

ለመንገድ የሰባት ቀን መድኃኒት ሰጠሁት። ኃላፊያችን ከዚያ በላይ አይፈቀድም ትል ስለነበር ነው። ሪጅስተሩ ላይ «ተዛውሯል» ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ልናገር፣ ስጽፈው ቀለል አለኝ። አንድ መስመር ተዘጋ።

የዚያን ወር ሱፐርቫይዘር መጣ። ቅጹን ይዞ ሪጅስተሩን ገጽ በገጽ አየና «ንጹህ ነው፣ ሌሎችም ከእናንተ ቢማሩ» አለ። ሻይ ጋበዝነው። የተዛወሩት መድረሳቸውን አልጠየቀም። እኔም አላነሳሁትም።

የካቲት መጨረሻ ላይ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ሳሉን ነው ቀድሜ ያወቅኩት። 44 ኪሎ።

«ምነው ወንድሜ፣ መድኃኒቱስ?» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አወጣ። የኔ ወረቀት ናት። ላብና አቧራ ጠጥታ ቡናማ ሆናለች።

ከመንደሩ እስከ ጤና ጣቢያው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። መጀመሪያ ሲሄድ የቲቢ ክፍሉ ሰው ሥልጠና ላይ ነው፣ ሰኞ ተመለስ አሉት። ሰኞ ተመለሰ። ሰውየው ወረቀቱን አገላብጦ «ማኅተም የለውም፣ ከየት እንዳመጣኸው በምን አውቃለሁ? አስመትተህ አምጣ» አለው። ከጎጃም አዲስ አበባ፣ ለአንዲት ማኅተም! የእኔ ሰባት ቀንም አልቋል። አጨዳው ደርሷል። ሳሉም ጠፍቶ ነበር። «ድኛለሁ ብዬ ተውኩት ሲስተር፣ ይቅርታ» አለኝ። እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ!

ከሦስት ወር በላይ አቋርጧል። ሁለት ወርና ከዚያ በላይ በተከታታይ ያቋረጠ ሰው ካቆመበት አይቀጥልም፣ እንደገና ተመርምሮ ነው የሚጀምረው። ጂን ኤክስፐርት ውጤቱን በሁለት ሰዓት ገደማ ያወጣል። ያ ሁለት ሰዓት ግን አላልቅ አለኝ። ጀርሙ ሪፋምፒሲንን የተላመደ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ በቀጥታ የእኔ ነው። ማሽኑ አልተላመደም አለ። ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፣ ደግነቱ ማስክ ፊትን ይሸፍናል።

በማግስቱ በራሴ ካርድ ያንን ጤና ጣቢያ ደወልኩ። ሰውየው አልተቆጣም፣ አልተጸጸተምም። «እህቴ፣ ማኅተም የሌለው ወረቀት ስንቱን እንመን?» አለኝ። በጣም ተናደድኩ። ሥልኬን ዘግቼ ሳስበው ግን እኔም በሱ ቦታ ብሆን እንዲያው ነበር የምለው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እኔ ስልክ እደውል ነበር። መሰለኝ። አሁን ሆኜ መናገር ቀላል ነው።

ነገሩን በወርኃዊው ግምገማ ላይ አነሳሁት። ሰብሳቢው «የተዛወረ ስለሆነ የእናንተን የፈውስ ቁጥር አይነካም» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው እኮ!

ከዚያ ወዲህ የማደርገው እንዲህ ነው። መመሪያ ነው አልልም፣ ከመመሪያው ጋር የማይገጥመውንም ራሴ እወስዳለሁ። ወረቀት ከመጻፌ በፊት እደውላለሁ። የተቀባዩን ስም እጠይቃለሁ፣ ስልኩን ለበሽተኛው ሰጥቼ ሁለቱን አስተዋውቃለሁ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ እልካለሁ። ለመንገድ የአንድ ወር መድኃኒት እሰጣለሁ። ኃላፊያችን ስትቆጣ ያቺን ቡናማ ወረቀት አሳየኋት፣ ሁለተኛ አላነሳችውም። «ተዛውሯል» የሚለውን ቃል ከወዲያ በኩል «ደርሷል፣ ጀምሯል» የሚል ድምፅ ሳልሰማ አልጽፍም። ሪጅስተሬ አሁን በእርሳስ የተሞላ ነው። ሱፐርቫይዘሮች አይወዱትም።

«ፊት ለፊትሽ ይዋጥ» የሚለውም ነገር አለ። ሐሳቡን አልቃወምም። ግን የቀን ሠራተኛ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሚመረጠው። እኛ የምንከፍተው ሁለት ሰዓት ተኩል። ወይ ሥራው ወይ ክኒኑ ማለት ነው፣ ማን ክኒኑን ይመርጣል? በልጁ ሁለተኛ ዙር ሕክምና የግንባታው ሳይት በር ላይ ሻይና ዳቦ የምትሸጠውን ሴትዮ የሕክምናው ደጋፊ አደረግኳት። «ቤተሰብ ወይም የጤና ባለሙያ መሆን ነበረበት» ያሉኝ ነበሩ። እሷ ግን ክኒኑን በየጠዋቱ ታስውጠዋለች፣ ካርዱ ላይ ምልክት ታደርጋለች፣ ካልመጣ ትደውልልኛለች። ከእኔ ሥራ የእሷ ይበልጣል፣ ያውም በነጻ።

ልጁ ነሐሴ ላይ ጨረሰ። አክታው ነጻ፣ ኪሎው 54።

ያኔ አገሩ ሳሉ ያገረሸበት ግን አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነበር፣ ከእናቱና የአራት ዓመት ሕፃን ከሆነው ታናሽ ወንድሙ ጋር። ይህን የተመለሰ ቀን ነው የጠየቅሁት፤ ከመሄዱ በፊት ብጠይቅ ኖሮ ማንን አደራ እንደምል አውቅ ነበር። የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክ ፈልጌ ደወልኩላት። በሳምንቱ ቤታቸው ሄደች። ሕፃኑ ደህና ነው፣ የመከላከያ መድኃኒት ጀመረ። እናትየው አክታዋ ላይ ተገኘባት።

ያስጀመራት ያው «ማኅተም የለውም» ያለው ሰውዬ ነው። አጠገቡ መዋጥ ነበረባት፣ ሦስት ሰዓት እየተጓዘች። በሁለተኛው ሳምንት ደወልኩለትና መድኃኒቱን ለኤክስቴንሽኗ እንዲሰጣት ለመንኩት። አሰበበት። ከዚያ «በደብዳቤ ጠይቂ» አለኝ።

ጻፍኩ። አስመታሁት። በሁለት ቦታ።