ማይነስ 2ን የት ላይ ነው ያስገባነው?

ነገሩ ካለፈ ቆይቷል ግን ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል። የሰሚስተር ፈተና ነው፣ ጥያቄው ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት፦ ሎግ ኤክስ + ሎግ (ኤክስ − 2) = 3፣ የሁለቱም ቤዝ 2 (የአንድ ቁጥር ሎግ በቤዝ 2 ማለት 2ን በስንት ፓወር ከፍ ብናደርገው ያ ቁጥር ይመጣል ማለት ነው)። የሁለት ሎግ ድምር የብዜታቸው ሎግ ነው በሚለው ህግ ሁለቱን ሎግ አንድ ላይ ታመጣቸዋለህ፣ ኤክስ ስኩዌር − 2ኤክስ − 8 = 0 ይሆናል፣ ፋክተር ስታደርገው 4 እና −2 ይወጣል። የዲፓርትመንት ኃላፊያችን ባዘጋጁት የመልስ ቁልፍ ላይ ሁለቱም ትክክል ተብለው ለእያንዳንዳቸው ማርክ ተይዞላቸዋል።

ወረቀት ተቀያይረን ስለነበር ያረምነው፣ ከኔ ክፍል አንዷ ልጅ ውጤቷን ይዛ ስታፍ ሩም መጣች። «ቲቸር የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» አለችኝ። አየሁት። −2ን የመጀመሪያው ኢኩዌሽን ውስጥ አስገብታ፣ ጎኑ ላይ «ሎግ (−2) የለም» ብላ ጽፋ ሰርዛዋለች፣ 4ን ደግሞ አስገብታ 2 + 1 = 3 ብላ አረጋግጣ ከባዋለች። ከዚህ የበለጠ ንጹህ ሥራ የለም፣ ማርኩ ግን ግማሹ ተቆርጧል።

ወረቀቱን ይዤ ኃላፊው ጋ ሄድኩ። በዕድሜም በሥራም ታላቄ ናቸው፣ የማከብራቸው ሰው ናቸው። «ቼክ አድርጌዋለሁኮ» አሉኝ። «−2 ሲባዛ −4 ስንት ነው? 8። የ8 ሎግ በቤዝ 2 ስንት ነው? 3። ምኑ ነው የሚሰረዘው?»

እዚህ ጋ ነው ነገሩ ያለው። ያሉት ሂሳብ ትክክል ነው! ግን ያስገቡት ሁለቱ ሎጎች ከተዋሃዱ በኋላ ያለው መስመር ላይ ነው። ሁለት ኔጌቲቭ ሲባዙ ፖዘቲቭ ስለሚሆኑ −2 እዛ መስመር ላይ በሰላም ያልፋል፣ ጥያቄው ላይ ግን ብቻውን የቆመ ሎግ (−2) አለ፣ 2ን ደግሞ በፈለግከው ፓወር ከፍ ብታደርገው ኔጌቲቭ አይመጣም። ይሄን ብላቸው «ህጉን ተጠቅመን ነው ያገኘነው፣ ህግ አይሳሳትም» አሉኝ። ህጉማ አይሳሳትም፣ ግን ሁለቱም ፖዘቲቭ ሲሆኑ ነው የሚሠራው።

ቾክ አንስቼ ሳይን ኤክስ + ኮሳይን ኤክስ = 1 ብዬ ጻፍኩ፣ ከ0 ዲግሪ እስከ 360፣ 360ን ሳይጨምር። ስኩዌር አድርገው ራሳቸው ሠሩት፣ 0፣ 90፣ 180፣ 270 መጣ። ከዛ ሳልጠይቃቸው 180 ላይ የሳይኑ 0 የኮሳይኑ −1፣ ድምሩ −1 አሉና ሰረዙት፣ 270ንም እንደዛው። «ስኩዌር ካደረግህማ ወደ ጥያቄው ተመልሰህ ማየት ግዴታ ነው» አሉ። «ሎግ ስናዋህድስ ጋሼ?» አልኳቸው። ዝም ብለው ሰሌዳውን አዩት፣ ከዛ «የልጅቷን አስተካክልላት» ብለው ወጡ።

የልጅቷ ተስተካከለ። ቁልፉ ግን ሳይቀየር ቀረ። በሌሎች ክፍሎች 4ን ብቻ ጽፈው ማርክ ያጡ ልጆች ነበሩ፣ ትክክል የሠራ ልጅ ተሳስቻለሁ ብሎ ቤቱ መግባቱ እስካሁን አልዋጥልህ ብሎኛል።

ከዛ በኋላ የማወጣቸው ፈተናዎች ላይ «መልስህን በመጀመሪያው ኢኩዌሽን አስገብተህ አሳይ» የሚል እጽፋለሁ፣ ለብቻው ማርክ አለው። ካልኩሌተር ስለማይገባ በእጅ ነው የሚሠራው፣ ልጆቹም ለምደውታል። ብቻ አንዳንዶቹ ኔጌቲቭ ባዩ ቁጥር መሰረዝ ጀመሩ፣ ስለዚህ ሎግ (1 − ኤክስ) = 2 በቤዝ 3 እሰጣቸዋለሁ፣ መልሱ −8 ነው፣ ሲያስገቡት ውስጡ 9 ይሆናል። መታየት ያለበት ኤክስ ራሱ ሳይሆን ሎጉ ውስጥ ያለው ነው።

አሁን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ሎግ (ኤክስ ስኩዌር) = 4 በቤዝ 10 ስሰጥ፣ 2ን ወደ ፊት አውርደው 2 ሎግ ኤክስ = 4 ይሉና 100 ብቻ ያመጣሉ። ጥያቄው ላይ ያስገቡታል፣ ይሠራል፣ ደስ ብሎአቸው ያልፋሉ። −100ም መልስ ነበር፣ ስኩዌሩ ያው 10,000 ነው፣ 2 ሎግ ኤክስ ሲሉ ግን ኔጌቲቩ ይጠፋል። ማረጋገጥ ትርፉን ያስወጣል እንጂ የጠፋውን አይመልስም፣ ለዚህኛው ልጆቹ ውስጥ የሚቀር ማሳያ እየፈለግኩ ነው፣ ክፍል ውስጥ ሞክራችሁ የሠራላችሁ መምህራን ካላችሁ ጻፉልኝ።