የድሮ ሽቶ ዕድሜ ሲጠፋኝ ካርቶኑን እገለብጣለሁ

«ኦፒየም የ1977 ሽቶ አይደል እንዴ?» ይሉኛል። ነው። ኢቭ ሳን ሎራን ገበያ ላይ ያዋለው ያኔ ነው (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ግን 1977 ሽቶው የወጣበት ዓመት ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ጠርሙስ መቼ ተሞላ? ያ ሌላ ጥያቄ ነው። ሻጮች ሁለቱን አንዳንዴ ሳያውቁ፣ አንዳንዴ ደግሞ እያወቁ ያምታታሉ።

እኔ አዲስ ዕቃ እጄ ሲገባ ለማሽተት አልቸኩልም። መጀመሪያ ካርቶኑን ገልብጬ ደቃቁን ጽሑፍ አነባለሁ። አፍንጫ ይሸነገላል፤ በሕግ ግዴታ የተጻፈ ነገር ግን ዓመቱን ያሳብቃል።

አንድ ጊዜ «የሰባዎቹ ኦርጅናል» የተባለ ኦፒየም ቀረበልኝ። ጠርሙሱ የድሮው ቅርጽ ነው፣ ልብ ያማልላል። ካርቶኑ ግርጌ ላይ ግን ሊናሎል፣ ሊሞኔን፣ ጄራኒዮል የሚሉ ስሞች ተደርድረዋል። አጠገባቸው ክዳኑ የተከፈተ የክሬም ዕቃ ምልክት አለ። አውሮፓ እንደነዚህ ያሉ አለርጂ የሚያስነሱ 26 ንጥረ ነገሮች በስማቸው እንዲጻፉ ያስገደደችው በ2005 ነው፤ ምልክቱም የመጣው በዚያው ዓመት ነው። ኦፒየም ደግሞ በ2009 ጠርሙሱም ቅመማውም ተቀየረ። ስለዚህ ያ «የሰባዎቹ» ሽቶ ከ2005 እስከ 2009 ባለው ጊዜ የተመረተ ነው። መጥፎ ሽቶ አይደለም፣ ዋጋው ግን የሰባዎቹ ሊሆን አይችልም!

ሌሎቹ ምልክቶች ዓመቱን እንደዚህ አያጠብቡም። የንጥረ ነገር ዝርዝር ጭራሽ ከሌለው የአውሮፓ ካርቶን በአብዛኛው ከ1990ዎቹ መጨረሻ በፊት ነው። ሁለት ቀስቶች የተቃቀፉበት ክብ ምልክት ከጀርመን የመጣ ነው፣ ከ1990ዎቹ ወዲህ ያለ ነገር ነው። ባርኮድ ከሌለ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ 1980ዎቹና ከዚያ በፊት እንሄዳለን።

የባች ኮድ፣ ማለትም ሽቶው በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚለይ ቁጥር፣ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ብዙ ኩባንያዎች የሚጽፉት የዓመቱን የመጨረሻ አኃዝ ብቻ ስለሆነ ኮዱ ከአሥር ዓመት በኋላ ይደገማል። 7 ቁጥር 1987ም፣ 1997ም፣ 2007ም ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔት ላይ ኮድ አስገብታችሁ የምታገኙትን መልስ ከካርቶኑ ጋር ሳታስተያዩ አትመኑ። እኔ ኮዱን የምፈልገው ይልቅ ለሌላ ነገር ነው፦ ጠርሙሱ ግርጌ ያለውና ካርቶኑ ላይ ያለው ካልገጠሙ፣ አንዱ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ቀለም ዕድሜ አይነግርም። ቫኒላ የበዛበት ሽቶ ብርሃንና ሙቀት ካገኘው ቶሎ ይጠቁራል። ስታሸቱትም የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ቢመስሉ አትደንግጡ። ቀድሞ የሚበላሸው ያ የሎሚና የብርቱካን ክፍል ነው። ግማሽ ሰዓት ታገሱትና ከዚያ ፍረዱ።

አሁን ከመግዛቴ በፊት የካርቶኑን ግርጌና የጠርሙሱን ቂጥ ፎቶ እጠይቃለሁ። ሻጩ የፊቱን ፎቶ ብቻ እየደጋገመ ከላከልኝ፣ ዓመቱ እንዳልታወቀ ዕቃ ቆጥሬ ነው ዋጋ የምደራደረው።