በሽሎ የሚቆጥረው ወር፣ አበዳሪው የሚቆጥረው ዓመት

በደሴ እኛ ሰፈር የቅሬ (የእድር) ስብሰባ ሲያበቃ ሰው ቶሎ አይበተንም፤ ቡናው በረካ እስኪደርስ የአገሩ ጉዳይ ሁሉ ይነሣል። ባለፈው ሰሞን የተነሣው የድልድይና የውጭ ብድር ነገር ነበር። አንድ አዛውንት ጎረቤታችን፣ በመንገድና በድልድይ ፕሮጀክቶች ላይ በሒሳብ ሠራተኛነት ዘመኔን እንደፈጀሁ ስለሚያውቁ፣ ሲኒያቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ ለድልድይ ተብሎ ከውጭ የሚመጣውን ብድር የሚከፍለው ማነው?» አሉኝ። «ሁላችንም ነን፣ አባባ» አልኳቸው። «እሱንማ መች አጣሁት! መክፈል የምንጀምረው መቼ ነው? ከተሻገርንበት በኋላ ነው ወይስ ሳንሻገር?»

ይህንን ጥያቄ ስንት ስብሰባ ላይ ስጠብቀው ኖሬ ነበር። የብድር ስምምነት ጸደቀ በተባለ ቁጥር ሰው የሚጠይቀው የገንዘቡን መጠንና የአበዳሪውን ማንነት ነው፤ የጊዜውን ነገር ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው። ለእኒያ አባት በቡናው መካከል የሰጠኋቸው መልስ አጭር ስለነበር፣ እዚህ በሰፊው ልጻፈው።

አስቀድሜ ግን በየትኛው ወገን እንደቆምኩ መናገር አለብኝ። የእናቴ ወገኖች ደላንታ ናቸው፤ አክስቴ የተዳረችው ከበሽሎ ወንዝ ማዶ፣ በመቅደላ በኩል ነው። በሁለቱ ቤቶች መካከል የነበረው የእግር መንገድ በበጋ አድካሚ ቢሆንም የሚኬድ ነበር፤ ሐምሌ ሲገባ ግን እንደሌለ ይቆጠራል። በሽሎ ሲሞላ ድምፁ የውኃ ብቻ አይደለም፤ ከደፈረሰው ጎርፍ በታች ቋጥኝ ከቋጥኝ ጋር እየተላጋ ሲንከባለል ቁልቁለቱ ላይ ለቆመ ሰው ይሰማል። ውኃው መጉደል ሲጀምር አሻጋሪዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ የፊተኛው በረጅም ዱላ ጥልቀቱን እየለካ ይገባሉ። አያቴ ነሐሴ ላይ ሲያርፉ አክስቴ የአባቷን መርዶ የሰማችው መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ሰው መሻገር ሲጀምር ነው። ለቀብር አልደረሰችም፤ ለአርባው ግን ደረሰች። አፄ ቴዎድሮስ እንኳ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ፣ መንገድ እያስጠረጉ መቅደላ የደረሱት በ1860 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ ወንዙ ሲጎድል ነበር። ስለዚህ ለድልድይ መበደር ተገቢ አይደለም የሚል ሰው ቢመጣ የምከራከረው እኔ ነኝ።

የድልድይ ገንዘብ የመንገድ ገንዘብን አይመስልም። መንገድ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ቢቀር እስከተሠራበት ድረስ ያገለግላል፤ ድልድይ ግን የመጨረሻዋ ቁራጭ እስካልተገጠመች ድረስ ለአንድ አህያ እንኳ አይጠቅምም። በየዓመቱ ከበጀት እየተቆነጠረ ሊሠራ ስለማይችል ጠቅላላ ገንዘቡ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ የውጭ ብድር የሚፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ ከአፍሪካ አገሮች መካከል ከዓለም ባንክ ቀድማ የተበደረችው ኢትዮጵያ ናት። በ1943 ዓ.ም. መጀመሪያ ለአውራ ጎዳና 5 ሚሊዮን ዶላር፣ ለልማት ባንክ ደግሞ 2 ሚሊዮን ዶላር ተበድራለች፤ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመውም በዚያው ዓመት ነው። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ የህዳሴ ድልድይ ደግሞ፣ 303 ሜትር የሚረዝመውና በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራ ስለሆነ በብድር መዝገብ ላይ የለም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የባሕር ዳሩ 380 ሜትር ድልድይ በአገር ውስጥ በጀት ከ1.4 ቢሊዮን ብር በላይ ወጥቶበት ተሠርቷል። እርዳታ ግን በየወንዙ አይገኝም፤ የአገር ውስጥ በጀትም ለሁሉም አይዳረስም።

ብድር ሲባልም ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። የዓለም ባንክ አካል የሆነው የዓለም አቀፉ የልማት ማኅበር በተለመደው ድንጋጌው የሚሰጠው ብድር የ6 ዓመት የችሮታ ጊዜን (ዋናው ብድር መመለስ የማይጀመርበትን ጊዜ) ጨምሮ በ38 ዓመታት የሚከፈል ሲሆን፣ 0.75 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይታሰብበታል። ኤግዚም ባንክ ከሚባሉት የወጪ ንግድ ባንኮችና ከንግድ ባንኮች የሚገኘው ብድር ግን የመክፈያ ጊዜው አጭር፣ ወለዱም ከፍ ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሥራ ተቋራጩን አገር አብሮ ይዞ ይመጣል። በተጨማሪም ከነዚህ ብድሮች ብዙዎቹ፣ ገንዘቡ ተፈቅዶ ሳይነሣ በቆየ ቁጥር ባልተነሣው ላይ የግዴታ ክፍያ ይጠይቃሉ። ያልተጠቀሙበት ገንዘብ የሚያስከፍል መሆኑን ለሰው ሳስረዳ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ያስደግሙኛል።

የችሮታ ጊዜ የሚለው ቃል ደስ ያሰኛል፤ ድልድዩ ተሠርቶ፣ መኪና ተመላልሶበት፣ ንግዱ ደርቶ ከዚያ በኋላ የሚከፈል ይመስላል። በስምምነቱ ላይ ግን ጊዜው ብዙውን ጊዜ መሮጥ የሚጀምረው ከፊርማው አካባቢ ነው። ከፊርማው በኋላ ስምምነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል፤ ጸድቆ በአዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል፤ አበዳሪው የመጀመሪያ ገንዘብ ከመልቀቁ በፊት የጠየቃቸው ቅድመ ሁኔታዎች ይሟላሉ፤ ጨረታ ይወጣል፤ የጨረታው ውጤት የአበዳሪውን ይሁንታ ይጠብቃል፤ የቅድሚያ ክፍያና የዋስትና ሰነድ ይለዋወጣል። ይህ ሁሉ በደህና ጊዜ እንኳ ዓመት አልፎት ይሄዳል። እስከዚያ ድረስ ወንዙ ውስጥ አንድ አካፋ አልገባም።

ወንዝ የራሱ የሥራ ዘመን አለው። የመሠረትና የምሰሶ ሥራ ውኃው ውስጥ መሠራት የሚችለው ከኅዳር እስከ ግንቦት ነው። የእኛ የወሎ ወንዞች ደግሞ ከዚያም ላይ ይቀንሳሉ፤ ደጋው የበልግ አገር ስለሆነ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደጋ የዘነበው ዝናብ፣ ፀሐይ በሚያቃጥለው ቆላ ላይ ድንገት ደራሽ ሆኖ ይመጣል። በልግን ሳያስብ የተዘጋጀ የሥራ መርሐ ግብር ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ። እንግዲህ መሠረት መቆፈር የነበረበት ኅዳር ላይ ሆኖ፣ በአንድ ወረቀት ምክንያት የካቲት ከደረሰ፣ የጠፋው ሦስት ወር ሳይሆን ሙሉ ዓመት ነው። የአበዳሪው ቀን መቁጠሪያ ግን በጋና ክረምት የለውም።

በጉልህ ያየሁትን ልናገር። ቦታውንም ባለቤቱንም መጥቀስ አያስፈልግም። በውጭ ብድር በሚሠራ አንድ የድልድይ ፕሮጀክት ላይ የክፍያ ሰርተፍኬት፣ ማለትም ተቋራጩ ክፍያ የሚጠይቅበትን ሰነድ፣ የማመሳከር ሥራ የእኔ ነበር። ብድሩ የሚሸፍነው የግንባታውን ወጪ ሲሆን፣ የወሰን ማስከበሩ ካሳ ከአገር ውስጥ በጀት የሚወጣ ነበር። ከወንዙ ወዲህ ያሉ የአሥራ አንድ አባወራዎች የካሳ ክፍያ በሁለት መሥሪያ ቤቶች መካከል ሲመላለስ አንድ በጋ አለፈ። ገበሬዎቹ ጥፋት አልነበረባቸውም፤ መሬታቸውንም ተክላቸውንም አስለክተው ፈርመው ነበር። በግንቦቱ ሰርተፍኬት ላይ ከኮንክሪትና ከብረት ዝርዝር በታች፣ ሥራ ፈትቶ ለቆመ ክሬን፣ ለቆመ መቆፈሪያና ለቆመ ጀነሬተር የሚል የተቋራጩ የይገባኛል ጥያቄ መጣ፤ በቀን ተባዝቶ፣ በዶላር ተሰልቶ። አማካሪ መሐንዲሱ ከፊሉን ቀነሰ፤ የቀረው ግን ውሉ ስለሚያስገድድ ተከፈለ። የተከፈለው ገንዘብ ለአሥራ አንዱ ቤት ከሚሰጠው ካሳ ይበልጥ ነበር። ያንን ሰርተፍኬት ከፈረምኩ በኋላ ወጥቼ ብቻዬን ቆሜ እንደቆየሁ አስታውሳለሁ።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የምንዛሪው ነገር ነው። ድልድይ ላይ የሚያልፈው ጤፍ፣ በግና መንገደኛ የሚያስገኘው ብር ነው፤ ብድሩ የሚመለሰው ግን በዶላር ነው። ለምሳሌ 50 ሚሊዮን ዶላር የተበደርንበት ድልድይ ቢኖር፣ ዶላር በ57 ብር ሳለ ዕዳው 2 ቢሊዮን 850 ሚሊዮን ብር ይሆናል፤ በ100 ብር ሲሆን 5 ቢሊዮን ይደርሳል። ይህ ምናልባት አይደለም፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም.፣ አገሪቱ ለዩሮ ቦንድ (በውጭ ገበያ ለሸጠችው የብድር ሰነድ) መክፈል የነበረባትን የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀርታለች። በድልድዩ ላይ አንድ ብሎን ሳይጨመር ዕዳው በብር እጥፍ ሊሆን እንደሚችል ሁላችንም አይተናል።

እኛ ወሎዬዎች ለዚህ ምሳሌ ሩቅ አንሄድም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መስመር፣ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተመደበለት፣ ከቱርክ ኤግዚም ባንክና ክሬዲት ስዊስ ካስተባበራቸው አበዳሪዎች በተገኘ ብድር የተጀመረ ነው። ድልድዩና ዋሻው ተሠርቶ ሐዲዱ ከተነጠፈ በኋላ፣ በመጀመሪያ በኤሌክትሪክ ኃይል መጓተት፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ምክንያት፣ ባቡር ሳይመላለስበት ዓመታት አለፉ።

ከሩቅ አገር አንድ ብቻ ላንሣ፤ ስለ ድልድይ ብድር ስናወራ የባንግላዴሹን ፓድማ ያህል የሚያስተምር አላገኘሁም። ባንግላዴሽ የጃሙናን ወንዝ 4.8 ኪሎ ሜትር ድልድይ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 የተከፈተውን፣ የሠራችው ከዓለም ባንክ፣ ከእስያ ልማት ባንክና ከጃፓን በተገኘ ብድር ነው። በፓድማ ወንዝ ላይ ለሚሠራው ድልድይም፣ በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2011፣ ከዓለም ባንክ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመበደር ተፈራርማ ነበር፤ የእስያ ልማት ባንክ፣ ጃፓንና የእስልምና ልማት ባንክም አብረው ገብተው ነበር። ነገር ግን ከቁጥጥር አማካሪ ቅጥሩ ጋር በተያያዘ የሙስና ክስ ተነሥቶ፣ ባንኩ በጁን 2012 ብድሩን ሰረዘው፤ የቀሩትም ወጡ። በጉዳዩ ካናዳ ውስጥ የተከሰሱት ሰዎች በ2017 በነፃ ተለቀቁ። መንግሥት ድልድዩን በራሱ ገንዘብ ሠራው፤ 6.15 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው፣ ከላይ መኪና ከታች ባቡር የሚያልፍበት ድልድይ ጁን 25 ቀን 2022 ተከፈተ፤ ወጪውም ወደ 3.6 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ኩራቱን ነው፤ ኩራቱም ይገባል። እኔን የሚያስቀናኝ ግን ሌላ ነው፤ የድልድዩ ባለሥልጣን ገንዘቡን የወሰደው ከገዛ አገሩ የገንዘብ ሚኒስቴር፣ በ1 በመቶ ወለድ፣ በ35 ዓመት የሚመለስ ብድር አድርጎ ነው። ከመኪናው የሚሰበሰበው የአገሩ ገንዘብ ታካ ነው፤ ለገንዘብ ሚኒስቴር የሚመለሰውም ታካ ነው።

እኛ ያን ያህል አቅም አለን አልልም። ቢያንስ ግን የካሳውን ገንዘብ ፊርማው ሳይደርቅ ማዘጋጀት፣ ጨረታውን ምክር ቤቱ ከማጽደቁ በፊት መጀመር፣ የመጀመሪያውን መሠረት ኅዳር ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ምንም ዶላር አይጠይቅም። ከመካነ ሰላም ወደ መርጡለ ማርያም ዓባይን ለሚሻገርም፣ በሽሎ ዳር ለሚኖርም ይህ የቢሮ ወግ አይደለም።

ያ የጠቀስኩት ድልድይ አልቋል። ባለፈው ጥር በላዩ ሳልፍ ወርጄ ሁለተኛውን ምሰሶ አየሁት። የሥራ ቦታው ጥበቃ የነበረ ሰው የየክረምቱን የውኃ ከፍታ በቀይ ቀለም፣ ዓመቱን እየጻፈ አስምሮበታል። አምስት መስመር አለ። የመጀመሪያው የብድር ክፍያ የተከፈለበትን ዓመት አስታውሼ ፈለግሁት፤ ከታች ሦስተኛው መስመር ነው። መኪና ማለፍ የጀመረው ከአምስተኛው በኋላ ነበር። ለእኒያ አባት በሚቀጥለው የቅሬ ቀን የምነግራቸው ይህንኑ ነው።